ትንፋሽ የማትቆርጠው ዘሚራ

«ብርጭቆው!» አለች ዘሚራ።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ባሏ የሞተባት አንዲት የቱርክ ወይዘሮ ታለቅሳለች። ፎቶ ሊነሡ የመጡት ደንበኞችም፣ ፊልሙን ለማየት ብቻ የገባነው ጎረቤቶችም አብረናት ልናለቅስ ጥቂት ቀርቶን ነበር።

«ምን ብርጭቆ?» አለቻት ወይንእሸት፣ የነጠላዋን ጫፍ ከዓይኗ ሳታነሣ።

«ሻዩ ሞልቶ ነበር። ፊቷን አሳይተውን ሲመለሱ ግማሽ ሆነ። እሷ እንደሆነች አልቀመሰችውም። በተለያየ ቀን የቀረፁትን ነው የቀጠሉት። ኩሏንም እዩት፤ ቅድም ፈስሶ አሁን ደርቋል።»

«ኧረ በአላህ ይዤሻለሁ ዘሚራ! ካንቺ ጋር ፊልም ማየት ከሐኪም ጋር ጥብስ መብላት ማለት ነው። እኛ ስንጎርስ አንቺ ጅማት ትፈልጊያለሽ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ልቅሶውም በዚያው አመለጠን።

ይህ የሆነው ብቸና ላይ፣ ፍቅረ ሥላሴ የሚባል ሰው በከፈተው ፎቶና ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ከእኔ ደጃፍ ፊት ለፊት ስለሆነ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰዓት በኋላዬን የማሳልፈው እዚያው ነበር። ዘሚራ የቤቱ ኤዲተር ናት፤ የካሜራ ሠራተኛው ሠርግና ክርስትና ቀርፆ ያመጣውን ቆርጣና ቀጥላ፣ ስም ጽፋና ዘፈን አልብሳ ለባለቤቱ የምታስረክበው እሷ ናት።

ዘሚራን የማውቃት ግን ከዚያ በፊት ነው። የሞጣው የጨርቅ ነጋዴ የሐጂ ሙሐመድሁሴን ልጅ ስትሆን፣ እኔ ሞጣ በማስተምርበት ዘመን አማርኛ አስተምሬያታለሁ። ያን ጊዜ አዲሱ መጽሐፍ ቢመጣም እኔ ከአሮጌው ልላቀቅ አልቻልኩም ነበር፤ ጀርባው በሙጫ የተያያዘ፣ ከዳር እስከ ዳር በተማሪ ጣት የወዛ መጽሐፍ ነው። ገና በመግቢያው ላይ ስለ ንባብ ሲናገር፣ ነጠላ ሰረዝ ላይ ትንሽ ትንፋሽ፣ አራት ነጥብ ላይ ሙሉ ዕረፍት ይላል። ልጆቹ ይህን ከቁብ አይቆጥሩትም፤ እንደ ጎርፍ ነው የሚያነቡት። ዘሚራ ግን ነጠላ ሰረዝ ላይ ስትደርስ ትንፋሽ የምትወስደው እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ይሰማ ነበር። ጓደኞቿ «ዋናተኛዋ» እያሉ ይስቁባት ነበር። እሷ ደግሞ ሲስቁባት ጊዜ ይባስ አስረዝማ ትተነፍሳለች። እልኸኝነቷ ያን ጊዜም ነበረ።

ፎቶ ቤት ስትገባ እንደማንኛውም ጀማሪ ነበረች። በሙሽሮች ራስ ላይ ጽጌረዳ ታዘንባለች፤ ከኬኩ ሥር ልብ ታስበርራለች። የምትሠራውም ፍቅረ ሥላሴ በሚያዘው መሠረት ነው። የእሱ ትእዛዝ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ድምፁን ዝጊና ዘፈን አልብሺው።» በሠርጉ ላይ የተዘፈነው፣ የተጨበጨበው፣ የተመረቀው ሁሉ ይዘጋል፤ በላዩ ላይ ከከተማ የመጣ ዘፈን ይጫናል። የሁሉም ሰው ሠርግ በዚያው በአንድ ዘፈን ያልቃል። ማንም ቅር አይለውም ነበር፤ በአገራችን የሠርግ ቪዲዮ የሚታየው የራስን ፊት ለመፈለግ ነውና።

ዘሚራ መለወጥ የጀመረችው እጅ ስታይ ነው። አንድ ቀን ጠርታኝ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚያጨበጭቡ ሴቶች አሳየችኝ።

«ጋሼ፣ እጃቸውን ይዩ። ዘፈኑን ደግሞ ይስሙ።»

ብሰማም ምንም አልታወቀኝም።

«እጃቸው ሲያርፍ ከበሮው የለም። ከበሮው ሲመታ እጃቸው አየር ላይ ነው። እነሱ የሚያጨበጭቡት ለሌላ ዘፈን ነው፤ እኔ ነኝ የዘጋሁባቸው።»

ከዚያ የደነቀኝን ነገር አሳየችኝ። ድምፅ ለካ በኮምፒዩተር ላይ ይታያል፤ እንደ ጮቄ ሰንሰለት ከፍ ዝቅ እያለ ተዘርግቶ። ከእያንዳንዱ ተራራ በፊት አንዲት ትንሽ ጉብታ አለች። «ይቺ ትንፋሽ ናት» አለችኝ። «ሰው ሊዘፍን ሲል መጀመሪያ ይቺን ይሠራታል።» የከተማውን ዘፈን ከፈተችልኝ። ተራራው አለ፤ ጉብታው የለም። «ቆርጠው ጥለዋታል» አለች፣ ዕቃ እንደተሰረቀበት ሰው።

ከዚያ ወዲያ ከሷ ጋር መንገድ መሄድ ራሱ ፈተና ሆነ። አንድ ጊዜ አብረን በሚኒባስ ስንሄድ ሾፌሩ የከፈተውን ዘፈን አዳምጣ አዳምጣ፣ «ይሄ ዘፋኝ አይተነፍስም» አለችው።

«ሞቷል እንዴ?» አለ ሾፌሩ ደንግጦ።

«እንጃ። በሕይወት ያለ ሰውማ ይህን ሁሉ ስንኝ በአንድ ትንፋሽ አይልም።»

ሾፌሩ እኔን በመስተዋት አይቶ «አባት፣ ልጅዎ ደህና ናት?» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ከመስኮቱ ውጭ እያየች ነበር።

እኔ አዘንኩላት። በእኛ ጊዜ ፊልም የሚያሳይ መኪና ወደ ከተማው ሲመጣ ሜዳ ላይ ነጭ ጨርቅ ይወጠራል፤ እኛ ሕፃናቱ ከጨርቁ ጀርባ ዞረን ሰዎቹ የሚወጡበትን በር እንፈልግ ነበር። ያ ሞኝነት እስከ ዛሬ ይጣፍጠኛል። እናም አንድ ቀን «ዘሚራ ልጄ፣ ይህ ሥራ የፊልሙንም የዘፈኑንም ጣዕም አላጠፋብሽም?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ወጥ የምትሠራ ሴት ወጥ አትበላም እንዴ ጋሼ? ትበላለች። ጨው ሲበዛበት ግን ዝም ብላ አትውጥም።»

በጥር ወይንእሸት ተዳረች። ያቺ የጥብሷ ልጅ ማለት ናት። አባቷ አቶ ያየህ የብቸና እህል ነጋዴ ናቸው፤ ሙሽራው የሞጣ ልጅ ነው። የሞጣ ሰዎች በሦስት መኪና ጥሩምባ እያስነፉ ሲገቡ፣ ዳሱ በር ላይ ቆመው የተቀበሏቸው እትዬ ፈንታነሽ ነበሩ። እትዬ ፈንታነሽ ገበያ ላይ ቅቤ ይሸጣሉ፤ በሠርግ ቀን ግን የብቸና ሴት ሁሉ አለቃ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ያወርዳሉ፣ ሌላው ይቀበላል። የሙሽራ ወገን መሰደብ ያለ ወግ ነውና አልማሯቸውም፤

ሞጣ ላይ ሰው ጠፋ ወይ ለሚዜነቱ፣
ሱፍ ለብሶ የመጣው ይህ ሁሉ እንጨቱ!

ሚዜዎቹ እየሳቁ ላባቸውን ጠረጉ። እትዬ ፈንታነሽ ቀጥለው ወደ ሙሽሪት አባት ዞሩ፤

ጤፉን ሲመዝነው ፍሬ የማይስተው፣
ልጁን ሲድር ጊዜ ምነው ሚዛን ሳተው?

ዳሱ ተናወጠ። አቶ ያየህ ራሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ብር አውጥተው የእትዬ ፈንታነሽ ግንባር ላይ ለጠፉ።

ከሠርጉ ጥቂት ሳምንት በኋላ ግን አቶ ያየህ ፎቶ ቤት መጡ። ስቀው አልነበረም የመጡት።

«ፍቅረ ሥላሴ፣ ያቺን የሚዛኗን ነገር አጥፋልኝ።»

«እናጠፋለን ጋሽ ያየህ። ዘፈን እናለብሰዋለን።»

ዘሚራ ከኮምፒዩተሩ ዞረች። «ጋሽ ያየህ፣ በዕለቱ ስቀው ሸልመዋቸው የለ? ብሩን ሲለጥፉላቸው እዚህ ይታያሉ።»

«የዕለቱ ሌላ፣ የቪዲዮው ሌላ! የሠርግ ስድብ ከሠርጉ ጋር ያልፋል። ይሄ ግን አያልፍም። አማቾቼ በመጡ ቁጥር፣ በየበዓሉ፣ ልጅህን ያለ ሚዛን ሰጠህ ሲባል ልንሰማ ነው? እነሱስ ሚዛን የማንደፋ ነን ወይ ቢሉኝ ምን እላለሁ?»

እውነቱን ለመናገር የሰውዬው ነገር መሠረት ነበረው። እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ። ዘሚራም ጥቂት አሰበች።

«እንግዲያው ቆርጬ ላውጣቸው። እትዬ ፈንታነሽ ጭራሽ አይታዩ።»

«እንዴት ተደርጎ! ከኋላቸው የሚጨፍሩት አማቾቼ አይደሉም? የሞጣ ሰው በሙሉ እዚያ ነው ያለው። ፊታችን የለም ብለው ሊቀየሙኝ ነው?»

«ፊታቸው ካለ ድምፃቸውም ይኑር። አፋቸውን አሳይቼ የሌላ ሰው ድምፅ አላጎርሳቸውም።»

«አንቺ ልጅ፣» አሉ አቶ ያየህ፣ «የቅቤ ነጋዴ ናት እኮ! የታወቀ ዘፋኝ አስመሰልሻት።»

«ቁረጪ የሚሉኝ ቅቤውን አይደለም ጋሽ ያየህ። ትንፋሹን ነው።»

ፍቅረ ሥላሴ በመካከል ገብቶ «ዘሚራ፣ ተነሽ» አላት። ተነሣች። እሱ ተቀምጦ ድምፁን ዘጋ፤ የተለመደውን ዘፈን ጫነ። እሷ ከኋላው ቆማ አየች። ሲጨርስ ጎንበስ ብላ ቪዲዮው መጨረሻ ላይ የሚወጣውን «ኤዲተር ዘሚራ ሙሐመድሁሴን» የሚለውን ጽሑፍ አጠፋችው።

«ስምሽ ከሌለ ሥራው የማን ሊባል ነው?» አለ ፍቅረ ሥላሴ።

«ዘፈኑ የማን ነው? የሱ ይባላ!»

ዳግማይ ትንሣኤ ላይ አቶ ያየህ አማቾቻቸውን ከሞጣ ጠሩ። ቪዲዮውም ያን ቀን እንዲታይ ተወሰነ። ፍቅረ ሥላሴ ለሌላ ሥራ ደብረ ወርቅ ሄዶ ስለነበር ፍላሹን ይዛ ቴሌቪዥኑን እንድታስተካክል የተላከችው ዘሚራ ናት። እኔም ከሽማግሌዎቹ ጋር ተጠርቼ ነበር። ለሷ ለብቻዋ ሽሮ ቀረበላት፤ በልታ ስትጨርስ ሪሞቱን ይዛ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች።

ቪዲዮው ተጀመረ። «ይኸው እኔ!» «አንተ፣ ያኔ ወፍረህ ነበር!» «ሥጋውን አይቶ ነዋ የሳቀው!» እየተባለ ቤቱ ሞቀ። እትዬ ፈንታነሽ መሬት ላይ ከሴቶቹ ጋር ነበሩ። ጊዜው ደርሶ ዳሱ በር ላይ በሙሉ ቁመናቸው ብቅ አሉ። እጃቸው ወደ ሚዜዎቹ ተወረወረ፤ አፋቸው ተከፈተ። ከአፋቸው የወጣው ግን የአንድ ጎረምሳ ድምፅ ነው፤ ውዴ፣ ፍቅሬ እያለ።

መጀመሪያ የሳቁት ልጆቹ ናቸው።

«ያች እኔ ነኝ?» አሉ እትዬ ፈንታነሽ።

«እርስዎ ነዎት እንጂ!»

«ድምፁስ የማን ነው?»

«የከተማ ዘፋኝ ነው እትዬ፤ ለማሳመር ነው» አለ አንዱ።

«ማሳመር?» ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉ። አፋቸው እዚያ ውስጥ ይከፈታል፣ ይዘጋል። «አፌ ይንቀሳቀሳል። እንደሚያመሰኳ በግ!»

አሁን የሳቀው ሁሉም ነው። እሳቸው ብቻ አልሳቁም። ቀና ብለው ሰዉን ሲያዩ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን በብቸና ዳስ ሁሉ ሲዘፍኑ ያላየሁባቸውን ፊት አየሁባቸው፤ ያፈሩ መሰሉ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡት።

ያን ጊዜ ጎረምሳው ዝም አለ። ዘሚራ ሪሞቱን ተጭናለች። ሥዕሉ ይሄዳል፤ ድምፅ የለም።

«አንቺ ልጅ!» አሉ አቶ ያየህ ከመደቡ ብድግ ብለው። «ድምፁን መልሺ!»

«እየመለስኩት እኮ ነው» አለች። ሪሞቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሁለት እጇን ጫነችበት። «እትዬ ፈንታነሽ፣ ሥዕሉ አይጠብቅዎትም። ይነሡ!»

እትዬ ፈንታነሽ ቴሌቪዥኑን አዩ፤ ዘሚራን አዩ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። እዚያ ውስጥ ያሉት ፈንታነሽ እጃቸውን ሲያነሡ እዚህ ያሉትም አነሡ። ትንፋሻቸውን ሲስቡ ሰማሁ፤ ያ ትንሽ ጉብታ ማለት ነው።

ሞጣ ላይ ሰው ጠፋ ወይ ለሚዜነቱ…

ከከንፈራቸው ጋር ልክ ገጠመ። ዘፈን ያለ ተቀባይ ግን ባዶ ነው። አንድም ሰው አልተቀበለም፤ ሁሉም የአማቾቹን ፊት ያያል። ስንኙ መሬት ሊወድቅ ሲል ከወደ ጓዳ በር አንድ ሰው ተቀበለ። ወይንእሸት ናት፤ ሙሽሪት ራሷ፣ ሳህን እንደያዘች። ከሷ ቀጥሎ ሴቶቹ ሁሉ ገቡበት። የእጃቸው ጭብጨባ በቴሌቪዥኑ ከሚጨበጨበው ጋር አንድ ላይ ሲያርፍ፣ እኔ ሽማግሌው እንኳ ዘሚራ ያሳየችኝ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ ዓመት ሁሉ በኋላ ከጨርቁ ጀርባ ያለውን በር ያገኘሁት መሰለኝ።

የሚዛኗ መጣች። አቶ ያየህ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እትዬ ፈንታነሽ አንድ ፊደል ሳይቀንሱ አወረዷት። ቀጥለውም በሠርጉ ዕለት ያልነበረ፣ በቴሌቪዥኑም የሌለ ጨመሩ፤

ከንፈሬን ትታችሁ ድምፄን ብትቀሙኝ፣
ይኸው በቁሜ ነኝ፤ ዙሩና ስሙኝ!

ሰው ሁሉ ፊቱን ከቴሌቪዥኑ ወደ እሳቸው አዞረ።

እትዬ ፈንታነሽ አበቁ። የሙሽራው አባት፣ ጭንቅላታቸው ላይ ፎጣ የጠመጠሙ ቁጥብ ሰው ናቸው፤ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። አፋቸውን ጠርገው «ያችን የሚዛኗን እስኪ አንድ ጊዜ ድገሟት» አሉ። ወደው ይሁን ሊታዘቡ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አቶ ያየህ ግን አየር ልቀበል ብለው ወደ ደጅ ወጡ።

ፍቅረ ሥላሴ ከደብረ ወርቅ ሲመለስ ወሬው ቀድሞት ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። «እሺ፣» አላት፣ «በራሱ ድምፅ ይሁንልን የሚል ከመጣ እንደዚያ ሥሪ። ዘፈን ለሚፈልግ ደግሞ ዘፈን አልብሺ።»

«አላለብስም።»

«እንጀራሽ ነው እኮ ዘሚራ።»

«እንጀራዬ ነው። ለዚህ ነው የማልጫወትበት።»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የወይንእሸትን ሠርግ፣ ምንም ያልተነካውን ቅጂ፣ የሠርጉ ባለቤት ራሷ ወይንእሸት ጠይቃ ነበርና በራሱ ድምፅ ልትሠራላት እሱን ይዛ ሞጣ ገባች። አሁን ከአባቷ ሱቅ ጀርባ አንዲት ክፍል አላት። ሥራው እንደ ብቸናው አይደለም፤ የሚበዛው ሰው አሁንም ዘፈን ይልበስልኝ ባይ ነው፤ እሷም አሁንም አላለብስም ባይ ናት። ሐጂ ሙሐመድሁሴን ደንበኛ ሲሸኙ «ጨርቅ እለብሳለሁ ካልክ እኔ አለሁ፤ ዘፈን እለብሳለሁ ካልክ ልጄ የለችም» ይላሉ።

ሰኔ ከመግባቱ በፊት «አልቋል፣ ኑ» ብላ ላከችብን። እትዬ ፈንታነሽና እኔ በጠዋት አውቶቡስ ተሳፍረን፣ በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን አድርገን፣ አጥንታችን ተቆጥሮ ሞጣ ደረስን። እትዬ ፈንታነሽ መንገዱን ሙሉ ሾፌሩን ሲሰድቡት ነበር፤ በግጥም።

ክፍሏ ዙሪያውን ጣቃ ጨርቅ ተደርድሮባታል። «ጨርቅ ድምፅ ይጠጣል ጋሼ» አለችኝ። «እዚህ ቤት ማሚቶ የለም። ያለው ሰው የተናገረው ብቻ ነው።» ጣውላ ወንበር አቀረበችልን፤ ከፈተችው።

እትዬ ፈንታነሽ ራሳቸውን ሰሙ። ሲዘፍኑ ኖረው ራሳቸውን ሲሰሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። መጀመሪያ እንደ ሕፃን ፈገግ አሉ። ከዚያ ቀስ በቀስ ግንባራቸው ተቋጠረ፤ ጆሯቸውን አስጠጉ። ይህችን ፊት አውቃታለሁ፤ የዘሚራ የብርጭቆው ዕለት ፊት ናት።

«አቁሚ! መልሺው። እዚያች ጋ… ሰማሽ? ጉሮሮዬ ተንሸራቷል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሁለተኛዋም ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ቀድሜ ገብቻለሁ። ውይ፣ ጉድ! ይህን ሁሉ ዘመን እንዲህ ነው የምዘፍነው? ቁረጪልኝ በይ!»

«አልቆርጥም እትዬ።»

«የኔ ድምፅ አይደለም ወይ? እኔ ቁረጪ ስል!»

«ጋሽ ያየህም አጥፉልኝ ብለው ነበር። ለሳቸው ያላጠፋሁትን ለእርስዎ አልቆርጥም።»

እትዬ ፈንታነሽ እኔን አዩኝ፤ እንድፈርድላቸው ነው። እኔ ጣቃዎቹን መቁጠር ጀመርኩ። ሐጂ ሙሐመድሁሴን ከሱቁ በኩል «በከንቱ አይድከሙ! እኔ አባቷ እንኳ አልቻልኳትም» ብለው ጮኹ።

እትዬ ፈንታነሽ ከወንበሩ ተነሡ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጠበቁ።

«እንግዲያው ስድብ አወርድብሻለሁ፤ ዘር ማንዘርሽን!»

ዘሚራ መቅረጫውን ከመሳቢያው አወጣች።

«ያውርዱ» አለች። «እቀርፀዋለሁ።»